የቧንቧ ቀንና የጉድጓድ ቀን

ነፋስ ስልክ፣ ሰኔ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

«ውኃው ከተጣራ፣ ቆሻሻው የት ነው የሚቀረው?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ኤሊዬ፣ ሰላምታ ሳላቀርብ ዘልዬ ወደዚህ መግባቴን ይቅር በይኝ። ያንን መስመር ካነበብኩ ጀምሮ መልሱ አፌ ላይ ሆኖ አላስቀምጥ ብሎኛል። አሁን እንደ ሰው ልጀምር፦ እንደምን ከረምሽ? ዝናቡ እንዴት ይዟችኋል? እኛ ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል፣ ሱቋን ግን አንድ ቀን አልዘጋችም።

ቆሻሻው የትም አይሄድም። ከፊሉ በትርፍ ውኃ ታጥቦ ይወጣል፣ ከፊሉ እዚያው ማጣሪያው ላይ ይለጠፋል። የእኛ ማጣሪያ ሜምብሬን ይባላል። ስስ ሉህ ነው፤ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ረጅም ቱቦ ውስጥ ይገባል። ውኃው በግፊት ሲያልፍበት ጨዉና ጭቃው ሉሁ ላይ ይቀራል፣ እየቆየም ቅርፊት ይሠራል። ያኔ ውኃው ይቀንሳል፣ ሜምብሬኑም እያረጀ ይሄዳል። ቱቦው ግን የታሸገ ስለሆነ ውስጡ ምን እንደሆነ ማንም አያይም።

ለቡ መብራት ኃይል ያለው ፋብሪካችን በተርታ የተያያዙ ስድስት ሜምብሬኖች አሉት። ፋብሪካ ስልሽ ትልቅ ነገር እንዳይመስልሽ፤ ባለ ሃያ ሊትር ፕላስቲክ እየሞላ ለየሱቁ የሚያከፋፍል አንድ መጋዘን ነው። ሜምብሬኖቹ ቆሸሹም አልቆሸሹም ቅዳሜ ቅዳሜ በኬሚካል ይታጠባሉ። ለምን ቅዳሜ ብዬ የማሽኑን ሠራተኛ ሞልቱን ብጠይቀው «ሰውስ የሚታጠበው መቼ ነው?» አለኝ። ኬሚካሉ ደግሞ ሜምብሬኑን ይጎዳዋል። ቶሎ ቶሎ ካጠብሽው ዕድሜው ያጥራል፣ ካዘገየሽው ቅርፊቱ ይደነድናል። ማወቅ ያለብን ጊዜው መቼ እንደሆነ ነው።

እኔ ያሰብኩት አንቺ በየቀኑ የምትሠሪውን ነው። አንቺ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነፍሰ ጡሯ ሆድ ላይ የአልትራሳውንዱን ፕሮብ አስቀምጠሽ ድምፅ ትልኪያለሽ፣ የሚመለሰውን ተቀብለሽ ሆድ ሳትከፍቺ ልጁን ታያለሽ። እኔም ለመመረቂያዬ የሠራኋትን ጠፍጣፋ ሳጥን የዋናው መስመር መግቢያ ላይ አያይዣታለሁ። ውስጧ ከዚያው ሜምብሬን የተቆረጠ መዳፍ የምታህል ቁራጭ አለ፤ ትልልቆቹ የሚጠጡትን ውኃ እሷም ትጠጣለች። ከላይ ፕሮብ አለ። ድምፁ ውኃውን አቋርጦ ሜምብሬኑን ነክቶ ይመለሳል። ቅርፊት ከበቀለ መንገዱ ስለሚያጥር ድምፁ ቀድሞ ይመለሳል። አየሽ እንዴት ቀላል እንደሆነ?

የፋብሪካው ባለቤት ወ/ሮ አማከለች እስከ መስቀል እንድሞክር ፈቅደውልኛል። አጎታችንም የሰጠኝ ጊዜ እስከ መስቀል መሆኑን ታውቂያለሽ። አገር ቤት ገብተን ቤተ ዘመዱ ክትፎው ላይ ሲሰበሰብ «የተመረቀችው ልጅ ምን ላይ ደረሰች?» መባሉ አይቀርም። ያኔ በእጄ የያዝኩት ሥራ ከሌለ መርካቶ፣ እሱ ጫማ መደብር ውስጥ እገባለሁ። አጎታችን ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ግን ራሴን አውቀዋለሁ፤ እዚያ አንዴ ከገባሁ ሰው ወዶኝ፣ እኔም ለምጄው፣ በዚያው እቀራለሁ።

«ስልክ ላይ ሳታስቢ ነው የምትጽፊው፣ ወረቀት ላይ ጻፊልኝ» ብለሽ ነበር። እነሆ ወረቀት ላይም ሳላስብ መጻፍ እንደምችል አስመሰከርኩ። ይህን ሾፌሩ ኢድሪስ እስከ ጂንካ ያደርሰዋል፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን አንቺ ታውቂዋለሽ።

ለመስቀል ትመጫለሽ አይደል?

እህትሽ እድላዊት


ነፋስ ስልክ፣ ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኤሊዬ፣

ላኪልኝ ያልሽውን ካልሲና የፀጉር ቅባት ኢድሪስ ይዞታል። ምሳ እበላለሁ። እማዬ ሐኪም ቤት ሄዳለች። ሞልቱ ደግሞ አንቺ የጠረጠርሽው ዓይነት ነገር አይደለም፤ ሳቅሽን ከዚህ ሆኜ ሰምቼዋለሁ። የፋብሪካው የውኃ ጉድጓድ የተቆፈረበት መሬት የአያቶቹ የጤፍ ማሳ ነበር፤ አሁንም ከፋብሪካው ጀርባ ጎመን ይተክላል። ዋና ሥራው ግን እኔን ማብሸቅ ነው። ሳጥኗ ላይ ባጎነበስኩ ቁጥር ይመጣና «ዶክተር፣ ዛሬ ስንት ወሯ ነው?» ይለኛል። ሴቶቹ ፕላስቲክ እያጠቡ ይስቃሉ።

አሁን ግን ይሳቁ እንጂ! አግኝቼዋለሁ። ኤሊ፣ ቅርፊቱን አገኘሁት!

ሦስት ጊዜ ለካሁ። የመጀመሪያው መነሻዬ ነው። በሁለተኛው ድምፁ ትንሽ ቀድሞ ተመለሰ፤ በሦስተኛው ደግሞ ከዚያም ቀደመ። ይሄ እያደገ ያለ ቅርፊት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? በሩጫ ወደ ቢሮ ገባሁ።

«እትዬ አማከለች፣ ሜምብሬኑ ቅርፊት ይዟል!»

«ተቀመጪ እስቲ። የት አየሽው?»

«ድምፁ ነገረኝ።»

«ድምፁ።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ እኔ ንግድ ላይ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ስንቱ ስንት ነገር ነግሮኛል መሰለሽ። በዓይኔ ማየት አልችልም?»

«በዓይን ለማየት አንዱን ሜምብሬን አውጥቶ በመጋዝ መቁረጥ ነው። ከተቆረጠ ደግሞ ዳግም አይሠራም።»

ይተዉታል ብዬ ነበር። አልተዉትም። ወጥተው ሠራተኛው ፊት ቆሙና «ሐምሌ 26፣ ቅዳሜ፣ አንዱን እንቆርጣለን፣ ሁላችሁም ታያላችሁ» አሉ። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ «ያልሽው ካለ መሣሪያሽም አንቺም እዚሁ ትቀመጣላችሁ። ከሌለ ዕቃሽን ይዘሽ በሰላም እንሰነባበታለን» አሉኝ። እኔም የመጀመሪያው ቱቦ ይቆረጥ አልኩ፤ ውኃው መጀመሪያ የሚደርሰው እሱ ጋ ነውና።

አልፈራሁም።

ስለ መስቀል ግን አንድ ቃል አልጻፍሽም። ረሳሽው ወይስ አለፍሽው?

እድል


ደቡብ ኦሞ፣ ሐምሌ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

እድልዬ፣

ካልሲው ደርሶኛል፣ ቅባቱ ግን ፈሶ የደብዳቤሽን ግማሽ አውዝቶታል። ቢሆንም አነበብኩት፤ አንቺ የምትጽፊው ጮክ ብለሽ ስለሆነ በቅባት ውስጥም ይሰማል። መልሴ በመዘግየቱ አትቀየሚኝ። እዚህ ዝናቡ ወንዙን ሞልቶት መኪና ሁለት ጊዜ ተመልሷል።

«ደስ አላለሽም ወይ?» ብለሽ እንደምትቆጪ ስለማውቅ አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ደስ ብሎኛል። ወረቀትሽን ለአዋላጆቹ ሁሉ አንብቤላቸዋለሁ። «ስንት ወሯ ነው?» የሚለው እዚህም ተወዷል።

ሁለት ነገር ግን ልጠይቅሽ። መሣሪያ የሚለካው ጊዜን ነው። ርቀቱን ከጊዜው ተነስቶ ይገምታል። የአልትራሳውንድ ሥልጠና ስወስድ መጀመሪያ የነገሩን ይህን ነው፤ ማሽኑ ድምፅ በሰው ሥጋ ውስጥ ሁልጊዜ በአንድ ፍጥነት የሚሄድ አድርጎ ያስባል። ማሽኑ እንዲህ ማሰቡ ግድ ነው፤ እኛ ግን አብረነው እንዳናስብ ተመክረናል። ያንቺ ድምፅ ቀድሞ ተመለሰ አልሽኝ። ከሥራ ቀድሞ ቤቱ የገባ ሰው መንገድ አሳጥሮ ሊሆን ይችላል፤ ሮጦም ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ በምን ለየሽ?

ሁለተኛው፤ ከስንት አቅጣጫ አየሽው? እኔ አንድ ነገር ሳይ ፕሮቡን አዙሬ በሌላ በኩል ሳልደግመው ለእናትየዋ ትንፍሽ አልልም ነበር። ፊቴን እያዩ እንዳይደነግጡ ፊቴን እንኳ አሠለጥነው ነበር። አንቺ ፊትሽንም አፍሽንም እንደማታሠለጥኚ አሳድጌሽ አውቃለሁ።

የምጽፍልሽ እንድትፈሪ አይደለም። መጋዙ ከመምጣቱ በፊት አንድ ጊዜ ደግመሽ እዪው ለማለት ነው።

እማዬን ሳሚልኝ። ጉልበቷን በሞቀ ጨርቅ ትያዘው፣ ደረጃ መውጣትና መውረድም ትቀንስ።

ኤሌኒ


ነፋስ ስልክ፣ ሐምሌ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኤሊዬ፣

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ትናንት ሐሙስ ማታ ነው። ኢድሪስን መንገድ ላይ ናዳ ይዞት ስለነበር ይቅርታ ጠይቂልኝ ብሏል። መቁረጡ ነገ ቅዳሜ ነው።

ሳነብብሽ ተናደድኩ፤ አልዋሽሽም። «እሷ ሁልጊዜ እንዲሁ ናት» ብዬ ወረቀቱን ትራስ ሥር ከተትኩት። ድምፅ በሞቀ ውኃ ውስጥ እንደሚፈጥን መቼ ጠፋኝ? ተፈትኜበታለሁ። ለዚህ ብዬ ቴርሞሜትር ገዝቼ የማሽን ክፍሉ ግድግዳ ላይ ሰቅያለሁ። ሦስቱንም ቀን የክፍሉ ሙቀት አንድ ነበር። ሌላ ምን ላድርግልሽ?

እንዲህ እያጉረመረምኩ ሳለ እማዬ ከጓሮ ጮኸች። «እድል! ውኃ መጣ! ባልዲውን ይዘሽ ነይ!» የሰፈራችን ፈረቃ ሐሙስ ማታ እንደሆነ ታስታውሻለሽ። እየሮጥኩ ወጣሁ፣ ባልዲውን ደቀንኩ፣ እጄ ውኃው ውስጥ ገባ። ኤሊ፣ የሐምሌ የቧንቧ ውኃ ነው፤ እስከ ክርኔ አደነዘዘኝ። የዚያን ዕለት ከሰዓት ፋብሪካው ውስጥ እጄን የታጠብኩበት ውኃ ግን ለብ ያለ ነበር። ሴቶቹ «የጉድጓድ ቀን ደስ ሲል» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻቸዋለሁ።

ባልዲው ሞልቶ እግሬ ላይ ሲፈስ ቆሜ ቀረሁ። እማዬ «ምን ሆንሽ? ቧንቧው ጋ ትዳር ያዝሽ እንዴ?» አለችኝ።

ፋብሪካው ውስጥ ሁለት ዓይነት ቀን አለ። በፈረቃ ቀን ታንከሩ ከከተማው መስመር ይሞላል፤ ሠራተኛው የቧንቧ ቀን ይለዋል። በሌላው ቀን ሞልቱ ፓምፑን አስነስቶ ከጥልቁ ጉድጓድ ይስባል፤ እሱ የጉድጓድ ቀን ነው፣ ውኃውም ከመሬት ሥር ለብ ብሎ ይወጣል። መነሻዬን የለካሁት በቧንቧ ቀን ነው። ሁለተኛውን ስለካ ታንከሩ ድብልቅ ነበር። ሦስተኛውን ስለካ ጉድጓድ ብቻ ነበር። ድምፁ መንገድ አላጠረለትም። ሮጦ ነው የመጣው። ቴርሞሜትሬ ግድግዳው ላይ ሆኖ የክፍሉን አየር ሲለካ፣ ውኃው ከሥሩ በየቀኑ ይለዋወጥ ነበር። በፈረቃ ውኃ ያደግሁ ልጅ፣ ረቡዕና ሐሙስን በባልዲ የምለይ ልጅ፣ ይህን ማሰብ አቃተኝ።

ቅርፊት የለም ማለት አይደለም። ሊኖር ይችላል። ነገ ቆርጠው ቢያገኙት ማንም አያውቅብኝም፣ እኔም ሥራዬን እይዛለሁ። ባያገኙት መርካቶ ነኝ። አሁን ሄጄ ብናገር ደግሞ ገና ሳይቆረጥ መርካቶ ነኝ።

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ የሆነው ሆኗል። ስለዚህ ምን ላድርግ ብዬ አልጠይቅሽም። ብቻ ጻፍኩልሽ።

እድላዊት


ነፋስ ስልክ፣ ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኤሊዬ፣

አንድ መስመር ብቻ ጽፈሽ «ምን አሉሽ?» ማለትሽ ደስ አለኝ። ምን አደረግሽ ብለሽ አለመጠየቅሽን አስተውያለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።

እንዲህ ሆነ። ሜምብሬኑ ገና ከቱቦው አልወጣም። ሞልቱ መጋዙን ዘይት እየቀባ ነበር። ሠራተኛው በሙሉ ክብ ሠርቶ ቆሟል፣ የጎረቤት ጋራዥ ልጆች ሳይቀሩ።

«እትዬ፣ አይቆረጥ» አልኩ።

«ምነው? ፈራሽ?»

«አዎ። ደግሞም የነገርኩዎት ስህተት ነበር። ድምፁ ቀድሞ የተመለሰው ውኃው ስለሞቀ ነው። መነሻዬን በቧንቧ ቀን ለክቼ ሌላውን በጉድጓድ ቀን ለካሁ። ቅርፊት ይኑር አይኑር አላውቅም።»

ከዚያ ሞልቱ መጋዙን አስቀምጦ «ታዲያ እርግዝናው የለም በይና፣ ዶክተር» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም እንባዬ እየመጣ ሳቅሁ። ወ/ሮ አማከለች ግን አልሳቁም።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ሐሙስ ማታ።»

«ዓርብ የት ነበርሽ?»

«እዚሁ ነበርኩ። ልነግርዎት ሦስቴ በርዎ ጋ መጥቼ ተመለስኩ።»

«አይቼሻለሁ። ብድር ልትጠይቂኝ መስሎኝ ነበር።» አሁን ትንሽ ፈገግ አሉ። «ሳትነግሪኝ ብቆርጠውና ባይኖር ምን አደርግሽ ነበር?»

«ያባርሩኝ ነበር።»

«አሁንስ አላባርርሽም ያለሽ ማነው?»

ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «እኔ አንድ ሜምብሬን እቆርጣለሁ ብዬ ሰው ፊት ተናግሬያለሁ። ለመስቀል ፋብሪካው ሲዘጋ፣ ሰዉ አገሩ ከመግባቱ በፊት እቆርጣለሁ። የቱን እንደምቆርጥና ምን እንደማገኝ አንቺ ቀድመሽ ትነግሪኛለሽ። ሰው ሁሉ እየሰማ። ያኔ ከተሳሳትሽ፣ ለአጎትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።»

ስለዚህ እስከ መስቀል ተርፌያለሁ፤ ከዚያ ወዲያ አላውቅም።

ባለፈው ደብዳቤሽ «በምን ለየሽ?» ላልሽው፦ ቴርሞሜትሩ ከግድግዳ ወርዶ ውኃው ውስጥ ገብቷል። ደግሞ ከሌላ አቅጣጫ እዪው ብለሽኝ የለ? በሳጥኗ ጎን ሁለተኛ ፕሮብ አስገባሁ። እሱ ድምፁን ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ይልካል። በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ያለው ርቀት አይለወጥም፤ ስለዚህ በዚያ በኩል ድምፁ ከቀደመ ጥፋቱ የውኃው ነው። ያንን ከላይኛው ላይ እቀንሳለሁ። የተረፈ ነገር ካለ እሱ ቅርፊት ነው። እስካሁን የተረፈ የለም ማለት ይቻላል። ቢሆንም በቧንቧ ቀንም በጉድጓድ ቀንም እለካለሁ፤ ሞልቱም ጠዋት ጠዋት ከበር ላይ «ዛሬ ጉድጓድ!» እያለ ይጮህልኛል።

አሁን ተራው ያንቺ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ እጠይቅሻለሁ። ለመስቀል ትመጫለሽ? ደግሞ አንድ ነገር ገርሞኛል። ባለፈው ስለ ሥራሽ ስትጽፊ «ትንፍሽ አልልም ነበር»፣ «አሠለጥነው ነበር» ብለሻል። ለምን «ነበር»?

እድል


ደቡብ ኦሞ፣ ነሐሴ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

እድልዬ፣

አፍጥጠሽ ማንበብ ጀምረሻል ማለት ነው። ጥሩ ነው፣ ለእኔ ባይመቸኝም።

ማሽናችን ከግንቦት ጀምሮ አይሠራም። አንድ ቀን ጠዋት እናትየዋ ተኝታ፣ ጄሉን ቀብቼ፣ ማየት ስጀምር ስክሪኑ ጠቆረ። እስከ ዛሬ አልነገርኳችሁም። እማዬ ከሰማች ለአጎታችን ትነግረዋለች፤ እሱ ደግሞ «ታዲያ እዚያ ምን ትሠራለች፣ ትምጣ» ይላል። «ምን ትሠሪያለሽ» ቢለኝ የምመልስለት አጥቼ አይደለም። እንደ ድሮው በእጄ ሆድ እዳስሳለሁ፣ ቀንድ በምትመስለዋ ማዳመጫ የልጁን ልብ እሰማለሁ፣ የጠረጠርኳትን እናት አርባ ምንጭ እልካለሁ። ግን የተላከችው ሁሉ አትሄድም። ባሏ መኪና ያጣል፣ ወይም ወንዙ ይሞላል፣ ወይም ሌሎች ልጆቿን የምትተውላት ሰው አይኖራትም። ስለዚህ ነው ስለ መስቀል የጠየቅሽኝን እያለፍኩ የቆየሁት፤ ከጻፍኩልሽ ሁሉንም ልጽፍልሽ ሆነ።

አዲስ ማሽን ይመጣል ተብሏል፣ በመስቀል ሰሞን። መጥቶ እኔ ካልተገኘሁ ካርቶኑ ውስጥ ይቀመጣል፤ እዚህ ሥልጠናውን የወሰድኩ እኔ ብቻ ነኝ። ስለዚህ አልመጣም። ክትፎውን ስትበሉ እንዳታስታውሱኝ፣ ያንቀኛል።

ወ/ሮ አማከለችን ሳላያቸው ወደድኳቸው። አንቺን ግን ልቆጣሽ ነበር፤ ዓርብን ሙሉ በር ላይ ስትመላለሺ መዋልሽን ሳነብ ግን ሳቄ ቀደመኝ። እኔ ለአንዲት እናት «አልታየኝም፣ ነገ ተመልሰሽ ነይ» ለማለት ወራት ፈጅቶብኛል። «አላውቅም» ብሎ ጋዎን ለብሶ መቆም ከባድ ነው። አንቺ መጋዝ ፊት ቆመሽ አልሽው።

ለማሰብ ያህል፦ የመጀመሪያው ቱቦ ያልሽው ውኃው መጀመሪያ ስለሚደርሰው ነበር። አሁንም ምክንያትሽ ያ ነው? ውኃው ስድስተኛው ሲደርስ ምን ይዞ ነው የሚደርሰው? እኔ አላውቅም፣ አንቺ የተማርሽው ነው።

ለእማዬ አትንገሪ። ማሽኑ ሲመጣ እኔው እደውልላታለሁ።

ኤሌኒ


ነፋስ ስልክ፣ መስከረም 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ኤሊዬ፣

አዲሱ ዓመት የሰላም ይሁንልሽ። ለእማዬ አልነገርኳትም። ለአንቺ የላከችው ቆጮና ቅቤ ግን ከወትሮው በእጥፍ ስለበዛ አንድ ነገር ሳትጠረጥር አልቀረችም። ኢድሪስ «ይህ ዕቃ ነው ወይስ ተሳፋሪ?» ብሏታል። ነገ ማለዳ ወደ አገር ቤት እንነሳለን።

የጠየቅሽኝን ጥያቄ መጀመሪያ ሳነበው ቀላል መሰለኝ። ከዚያ ሁለት ሌሊት አላስተኛኝም። ውኃው ከመጀመሪያው ወደ ስድስተኛው ሲሄድ ንጹሑ በየመንገዱ እየተጣራ ይወጣል፤ ጨዉ ግን አይወጣም፣ ከቀረው ውኃ ጋር ወደፊት ይሄዳል። ስድስተኛው ጋ ሲደርስ ውኃው ትንሽ፣ ጨዉ ብዙ ነው። ሳጥኗን ከመግቢያው ነቅዬ ወደ መጨረሻው አዛወርኳት። ሞልቱ ቱቦውን እየፈታ «ዶክተር፣ ቤት መቀየር ለነፍሰ ጡር ጥሩ አይደለም» አለኝ፤ ግን ምሳውን ትቶ ነው የሠራልኝ።

እዚያ ግን የተረፈ ነገር ነበር። የውኃውን ሩጫ ቀንሼም የማይጠፋ፣ በቧንቧ ቀንም በጉድጓድ ቀንም እዚያው የሚገኝ፣ በጣም በዝግታ የሚያድግ። እያየሁት ለማንም ሳልናገር መዋል መቻሌን ብታይ ኖሮ ልጅ እንዳሳደግሽ ይሰማሽ ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ቃሌን ተጠየቅሁ። «ስድስተኛው ይቆረጥ። መውጫው ጫፍ አካባቢ ነጭና ደረቅ ቅርፊት ይገኛል፣ እንደ ጥፍር የሳሳ። ወደ መግቢያው በኩል ምንም ላይኖር ይችላል» አልኩ። ሰው ሁሉ እንዲሰማ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ሞልቱ ቆረጠው። ጥቅሉን መሬት ላይ ዘረጉት፣ እንደ ስግደት ምንጣፍ ረጅም ሆነ፣ ሁሉም ተንበረከከ። እኔ ለማየት አልደፈርኩም፤ የሴቶቹን ፊት ነበር የማየው።

አለ፣ ኤሊ። ካልኩት የሳሳ ነው፣ በወረቀት ልክ። ግን ነጭ ነው፣ ደረቅ ነው፣ መውጫው ጫፍ ላይ ነው። ሌላው ሉህ ንጹሕ ነው ማለት ይቻላል።

ወ/ሮ አማከለች በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አደረጉት። «ማንቆርቆሪያዬ ውስጥ ያለው ነገር ነው እኮ» አሉ። «ይኸው ነው ከአንቺ ጋር ሲያወራ የከረመው?»

«እሱ ነው። ግን ውፍረቱን አብዝቼ ነው የነገርኩዎት።»

«ሰማሁ። ታዲያ የቅዳሜው እጥበት ይቅር?»

አፌ ላይ የመጣው «አዎ» ነበር። «ገና ነው» አልኩ። «ስድስተኛው ቦታ የሚተካውን ለብቻው እንጠብ። የሌሎቹን እጥበት ድምፁን እየሰማን ቀስ በቀስ እናራርቀው።»

እሳቸው ተነሱ፣ ቀሚሳቸውን አራገፉ፣ ወደ ቢሮ መሄድ ጀመሩ። ጀርባቸውን እንደሰጡን «ከመስቀል መልስ ሰኞ ሁለት ሰዓት ነው የምንከፍተው። ጓደኞችሽ እንደሚያደርጉት በዓሉን እንዳታስረዝሚው» አሉ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። ሞልቱ ነው የተረጎመልኝ፤ «ተቀጠርሽ ማለት ነው፣ አንቺ ደንቆሮ!» አለና መጋዙን አስታቀፈኝ። ለአጎታችን እኔው ራሴ እነግረዋለሁ። የሚከፋው አይመስለኝም፤ ቢከፋውም ክትፎ ያስረሳዋል።

አሁን የምጽፍልሽ ዋናው ነገር ይህ ነው። ሳጥኗ ውስጥ ከቅርፊቱ ድምፅ ቀድሞ የሚመለስ ሌላ ድምፅ አለ። ደብዛዛ ነው፣ እንደ ጥላ። ቅዳሜ ከታጠበ በኋላ ይጠፋል፣ ሳምንቱ አጋማሽ ላይ ይመለሳል። ሜምብሬኑን ስንዘረጋው በዚያ ቦታ በዓይን የሚታይ ነገር አልነበረም፤ በጣቴ ስነካው ግን ትንሽ ያንሸራትታል። ሞልቱ «ይህስ ምንድን ነው?» ሲለኝ «አላውቅም» አልኩት፤ እሱም አላሾፈብኝም። ለወ/ሮ አማከለች ገና አልተናገርኩም።

ሥዕሉን ከስክሪኑ ላይ በጥንቃቄ ገልብጬ ከዚህ ጋር አድርጌልሻለሁ፤ አንዱ ከላይ የታየ ነው፣ አንዱ ከጎን። ቅባት እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልዬዋለሁ። አንቺ ደብዛዛ ነገር ስታዪ ፈሳሽ ይሁን ሥጋ፣ ወይም የማሽኑ ጥፋት፣ በምን ትለዪዋለሽ? አዲሱ ማሽን ደርሶ ከሆነ ካርቶኑን ከፍተሽ እስክትጨርሺ እጠብቃለሁ። ካልደረሰም በዓይንሽ ብቻ እዪልኝ። ያየሽውን እዚያው ወረቀቱ ላይ በእርሳስ ምልክት እያደረግሽ ጻፊበት፣ ያላመንሽበትንም አስምሪበት፣ ከዚያ በኢድሪስ መልሺልኝ።

እኔ ምን እንደመሰለኝ ሆን ብዬ አልጻፍኩልሽም። መጀመሪያ አንቺ እዪው።

እህትሽ እድላዊት